የራሴን ደም ለራሴ፦ ጥያቄና መልስ

ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት፤ ጡረታ የወጣሁ የደም ባንክ ላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝ። በቀጠሮ ለሚሠራ ቀዶ ሕክምና የራስን ደም አስቀድሞ ስለማስቀመጥ ጠይቁኝ። መጀመሪያ ግን ሆስፒታላችሁ ይህን ይሠራ እንደሆነ አጣሩ።

ከደብረ ሲና፦ ጋሼ፣ እናቴ የዳሌ መገጣጠሚያዋ ሊቀየር ነው። 68 ዓመቷ ነው። ትችላለች?

መልስ፦ ዕድሜዋ ብቻውን አይከለክላትም። ሄሞግሎቢኗ (በቀይ የደም ሴል ውስጥ ያለው ኦክስጅን ተሸካሚ) ከ11 ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ ግን አይቀዳላትም። ልቧን ያማታል? ሐኪሟን ጠይቅ። አንዱ ከረጢት 450 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ በተለመደው ማቆያ ፍሪጅ ውስጥ 35 ቀን ይቆያል። የመጨረሻው ከረጢት ለቀዶ ሕክምናው ቢያንስ 72 ሰዓት ሲቀር መቀዳት አለበት። ከሁሉም በላይ ስምና የካርድ ቁጥር! አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኜ ፍሪጁን ስከፍት የሁለት ሞክሼዎች ደም ጎን ለጎን ተቀምጧል። የአባታቸውም ስም አንድ። የለየልኝ የካርድ ቁጥሩ ነው። ከረጢቱ ከተምታታ የራስ ደም ብሎ ነገር የለም።

ከሸዋ ሮቢት፦ ወባ ላይ ነኝ፣ ልቀዳ?

መልስ፦ አይሆንም። መጀመሪያ ታከም።

ከአንኮበር፦ ሄሞግሎቢኔ 12 ነው። ይበቃኛል አይደል?

መልስ፦ ከ11 በላይ ነሽ፣ ግን አትቸኩዪ። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነት ቀይ የደም ሴል ይጨምራል። የአንኮበር 12 እና የሸዋ ሮቢት 12 አንድ አይደለም። የአንቺ 12 የአይረን እጥረት ሊደብቅ ይችላል። በዚያ ላይ ቀድተው ሲያስቀምጡልሽ ደም አንሶሽ ቀዶ ሕክምና ልትገቢ ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ ደም ማነሱን አክሜ ነበር የምገባው።

አንድ አባል፦ ቀይ ሥር ጨምቀሽ ጠጪ፣ በሳምንት ይተካል።

ሌላ አባል፦ ቀይ ሥር ሽንት ነው የሚያቀላው! ጤፍ ብትላት ይሻል ነበር።

መጀመሪያው፦ አያቴ በቀይ ሥር ነው የዳነችው።

መልስ፦ ኧረ በናታችሁ! ሐኪም አይረን ካዘዘላት በቡናና በሻይ አትዋጠው። አለቀ።

ከመሐል ሜዳ፦ ደሙ ስንት ቀን ይቆያል?

መልስ፦ 35 ብያለሁ። ከላይ አንብብ።

ከዓለም ከተማ፦ ካልተጠቀምኩበት ለሌላ ይሰጣል?

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ ይጣላል።

ከደብረ ሲና፦ ጋሼ፣ በሰፈራችን የእናቴ ሞክሼ አለች።

መልስ፦ ካርድ ቁጥሯን በቃልህ ያዝ።