«ልጆቼ እያየኋቸው ሳላያቸው እያደጉ ነው»

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፤ የአራት ዓመት ሴት ልጅና የሁለት ዓመት ወንድ ልጅ እናት ነኝ። የምንኖረው ቀበና ሲሆን የምሠራው ለገሃር አካባቢ በሚገኝ መሥሪያ ቤት ነው፤ ባለቤቴም እንደኔው ተቀጣሪ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ቤታችን ውስጥ የሚሰማው የእኔ «ቶሎ በሉ» ብቻ ነው። ማታ የታክሲውን ሰልፍ አልፌ ቤት ስደርስ 1 ሰዓት ይሆናል፤ ከዚያ እራት ማቅረብ፣ ልጆቹን ማጠብ፣ የነገውን ምሳ ዕቃ ማሰናዳትና ማስተኛት ይከተላል። ሰሞኑን ልጄ አሻንጉሊቷን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ «ቶሎ በይ እንጂ፣ ረፈደብኝ እኮ!» እያለች ስትቆጣት ሰማሁ። የሌሎች ሰዎችን የቤተሰብ ፎቶ በስልኬ በተመለከትኩ ቁጥር ደግሞ ልጆቼ እያየኋቸው ሳላያቸው የሚያድጉብኝ ይመስለኛል። ሥራዬን መተው አልችልም። ምን ባደርግ ይሻለኛል?
(እናት፣ ከቀበና)

መልስ፦ ውድ እህታችን፤ ሥራዎን ይተዉ ወይም ተጨማሪ ጊዜ ይፈልጉ አንልዎትም፤ ተጨማሪ ጊዜ ከየትም እንደማይመጣ ከእኛ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ደግሞ ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል። በዚህ ላይ የመሄጃና የመመለሻው መንገድ ሲጨመርበት በሥራ ቀን ከልጆችዎ ጋር የሚያገኙት የነቁበት ጊዜ ከሁለትና ከሦስት ሰዓት ብዙም አያልፍም። ስለዚህ መነጋገር የሚገባን እነዚህ ጥቂት ሰዓታት በምን ሁኔታ እንደሚያልፉ ነው።

በደብዳቤዎ ውስጥ እራት ማቅረብን፣ ማጠብንና ማስተኛትን የዘረዘሩት እስኪያልቁ እንደሚጠበቁ ሸክሞች አድርገው ነው፤ እውነተኛው የቤተሰብ ጊዜ ከእነርሱ በኋላ እንደሚመጣ ያህል። በእኛ እምነት ግን ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የቤተሰብ ሕይወት ማለት እነዚሁ ነገሮች ናቸው። ሕፃን ልጅ የእናቱን ፊት ረጋ ብሎ የሚያየው ሲታጠብና ሲጎርስ ነው፤ ቃላትንም የሚለምደው አብዛኛውን ጊዜ እጁ ሲታሸና ልብሱ ሲቆለፍ ከሚሰማው ተራ ንግግር ነው። በመሆኑም አዲስ መርሐ ግብር ከመፍጠር ይልቅ፣ ከሚሠሯቸው ሥራዎች አንዱን ብቻ መርጠው ሳይቸኩሉ ቢያከናውኑት እንመክራለን።

አንድ ምሳሌ እንስጥ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ምስር ሲለቅሙ ልጅዎን አጠገብዎ በርጩማ ላይ ያስቀምጧትና ከሰፌዱ አንድ ጥግ እፍኝ የምትሞላ ምስር ለብቻዋ ይለዩላት። መጀመሪያ ላይ ደህናውን ምስር ከጠጠሩ ጋር ቀላቅላ ትጥላለች። ቆይታ ግን ጠጠሩን በጣቷ አገላብጣ ለማየት ትሞክራለች፤ አንዷን ጠጠር አንሥታ «ይቺ ለምን ከበደች?» ብላ ትጠይቃለች፤ ሁለተኛዋን ስታገኝ ደግሞ ቤቱ ሁሉ እንዲያይላት ትጮኻለች። በሩብ ሰዓት የሚያልቀው ለቀማ ግማሽ ሰዓት ሊወስድብዎት ይችላል። በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ግን ልጅቷ ዓይኗንና ጣቷን አቀናጅታ ሠርታለች፣ ጠይቃለች፣ መልስ አግኝታለች፤ እርስዎም ከምድጃው አልራቁም። የሁለት ዓመቱ ልጅ ለዚህ ገና ነው፤ ጠጠሩን ወደ አፉ ሊከተው ስለሚችል ለእርሱ ባዶ ሳህንና ማንኪያ ይበቃዋል።

ስለ ጠዋቱ ጥድፊያ የምንለው የተለየ ነው፤ ምክንያቱም የጠዋት ጥድፊያ በአብዛኛው የሚሠራው ማታ ነው። ልብስ፣ ካልሲና ቦርሳ ከመኝታ በፊት በር አጠገብ ከተቀመጡ ጠዋት የሚቀረው ቁርስና ፊት መታጠብ ብቻ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ቁልፍ ስትቆልፍ የምትዘገየው እልኸኛ ስለሆነች አይደለም። የጣቶቿ ቅልጥፍና ገና እየዳበረ ነው፤ ጊዜንም እንደ አዋቂ ስለማትለካው አሥር ደቂቃ ለእርሷ ትርጉም የለውም። ስለዚህ «ቶሎ በይ» የሚለው ቃል ምን ማድረግ እንዳለባት አይነግራትም፤ እርስዎ እንደተቆጡ ብቻ ይነግራታል። በምትኩ «ካልሲሽን ካደረግሽ በኋላ ወንድምሽን አብረን እንቀሰቅሰዋለን» ቢሏት ምን እንደሚቀድምና ምን እንደሚከተል ታውቃለች። ከልጆቹ ሩብ ሰዓት ቀድመው ተነሥተው የራስዎን ዝግጅት ቢጨርሱ ደግሞ የሚናገሩበት ድምፅ ራሱ ይለወጣል።

መንገድም ጥሩ አጋጣሚ ነው። ከቀበና ወደ አራት ኪሎ በእግር የሚሄድ ሰው የግንፍሌን ወንዝ መሻገሩ አይቀርም። ብዙዎቻችን ድልድዩን ሳናየው እናልፈዋለን፤ ልጅ ግን ቆሞ ማየት ይፈልጋል። በሥራ ቀን ይህን መፍቀድ ካልተቻለ ቅዳሜ ወይም እሑድ ሰዓት የማይጠብቃችሁ ጉዞ አድርጉ። እጇን ይዘው ወንዙን እያሳዩ «እንቆቅልሽ» ይበሏት፤ «ምን አውቅልሽ» ስትል «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው» ብለው ይጠይቋት። መልሱ እዚያው ፊቷ እየፈሰሰ ነውና ብታገኘው ትፈነጥዛለች፤ ካላገኘችው ደግሞ አገር ሰጥታዎት መልሱን ይነግሯታል። እንዲህ ያለውን ጉዞ ለማድረግ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የምትደርሱበትን ሰዓት አለመወሰን ብቻ ነው።

የማታው ነገር ጥብቅ ምክር ይፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ መሠረት የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች የቀኑን ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 እስከ 13 ሰዓት፣ የአንድና የሁለት ዓመት ልጆች ደግሞ ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት አለባቸው። ልጆችዎ ጠዋት 12 ሰዓት የሚነሡ ከሆነ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ መተኛት ይኖርባቸዋል ማለት ነው። ይኸው መመሪያ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያሉ ልጆች ተቀምጠው ስክሪን የሚያዩበት ጊዜ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያ ያነሰ ቢሆን ደግሞ እንደሚሻል ይመክራል። ልጆቹ ቀን ላይ በሚውሉበት ቦታ ቴሌቪዥን ይከፈትላቸው እንደሆነ በደብዳቤዎ አልጠቀሱም፤ የሚከፈት ከሆነ የማታው ድርሻ ቀን ላይ አልቋልና ማታ ይዘጋ። የእርስዎና የባለቤትዎ ስልክም ልጆቹ እስኪተኙ ድረስ ከእጃችሁ ውጭ ይቀመጥ፤ ያ ሁሉ የሰው ቤት ፎቶ የሚገባው በእርሱ በኩል ነው። በፎቶ የሚታየው ቤተሰብ የተነሣው ሳቅ በነበረበት ሰዓት እንደሆነ አይርሱ፤ ልጁ መሬት ላይ ተንከባሎ ሲያለቅስ ፎቶ የሚያነሣ የለም።

አሁን በደብዳቤዎ ውስጥ ጎልቶ ስለታየን አንድ ጉዳይ በግልጽ እንናገር። ባለቤትዎ እንደ እርስዎ ተቀጣሪ መሆናቸውን ነግረውናል፤ ከዚያ በኋላ ግን ስማቸው አልተነሣም። እራቱም፣ ማጠቡም፣ ምሳ ዕቃውም የተጻፈው በእርስዎ ስም ነው። አንዲት ሴት አራት ሥራ ደርባ ይዛ ሳለች ረጋ በይ ብሎ መምከር ግፍ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ልጆቹን ማጠብ ወይም ምሳ ዕቃ ማሰናዳት፣ ከሁለቱ አንዱ ሙሉ በሙሉ የአባትየው ይሁን። «እስቲ አግዘኝ» ተብሎ የሚለመን ሳይሆን ራሳቸው የሚያስቡትና የሚጨርሱት ሥራ መሆን አለበት። መጀመሪያ ላይ የልጁ ፀጉር በደንብ ሳይደርቅ ቢቀር እንኳ ከኋላ ሆነው አያርሙ።

ደግሞም ሁሉም ሰዓት ደስ ሊል አይችልም። የሁለት ዓመት ልጅ ድካምና ረሃብ ሲደራረቡበት ያለቅሳል፤ በዚያ ሰዓት እርስዎም ቢሰለቹ ልጅዎን አልወደዱም ማለት አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ ቡና ሲፈላ፣ ፈንዲሻውን ልጅዎ ታዙር፤ አቦሉ እንዳለቀ ተነሥተው ወደ ልብስ አጠባ አይሂዱ፤ በረካው እስኪደርስ ድረስ ይቀመጡ። ልብሱ ሰኞ ማታም ይታጠባል።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ሱቅ አለኝ። ማታ ከ3 ሰዓት በፊት ስለማልዘጋ ቤት ስገባ የሦስት ዓመት ልጄ ተኝቶ አገኘዋለሁ። እሑድ እሑድ ለማካካስ ብዬ ገንዘብ አውጥቼ መጫወቻ ቦታ እወስደዋለሁ። ሆኖም ላለብሰው ወይም ላጎርሰው ስል «እማዬ ነች» እያለ ይገፋኛል። የእሑዱ አይበቃም ማለት ነው?
(አባት፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ውድ ወንድማችን፤ የእሑዱ ጉዞ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ልጅዎ የሚያውቅዎት እንደ እሑድ ቀን እንግዳ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ የዕለት ተዕለት ነገሩን ከሚሠራለት ሰው መለየት አይወድም፤ መግፋቱም ይህን ልማድ መጠበቁ እንጂ እርስዎን መጥላቱ አይደለም። ሱቅዎን ማታ ቀደም ብለው መዝጋት ካልቻሉ ጠዋቱን ይውሰዱት። በየቀኑ አንድ ዓይነት ሥራ፣ ለምሳሌ ፊቱን ማጠብና ቁርሱን ማብላት፣ የእርስዎ ይሁን፤ እናቱም በዚያ ሰዓት ሌላ ክፍል ትቆይ። ሲገፋዎት አይቆጡ፣ በከረሜላም አይደልሉት፤ ፎጣውን ይዘው አጠገቡ ቁጭ ይበሉና መጀመሪያ የእርስዎን እጅ እንዲያጥብልዎት ይጠይቁት። አብዛኛው ልጅ ውኃና የሌላ ሰው እጅ ሲሰጠው እምቢታውን ይረሳል። እሑድ ደግሞ አንዳንዴ መጫወቻ ቦታው ይቅርና እቤት ሆናችሁ አኩኩሉ ተጫወቱ፤ መደበቂያውን እርሱ ይምረጥ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊከብዱ ይችላሉ፤ ከአንድ ወር በኋላ የደረሰበትን ቢጽፉልን በዚሁ ዓምድ እንመለስበታለን።