ከኡበር ወደ አስጎብኚነት፦ የፓርክ ፈቃድ ለእኔ ይሰጠኛል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ግሪን ካርድ አለኝ። ጎንደር እያለሁ አስጎብኚ ነበርኩ፤ ከደባርቅ እየተነሳሁ እንግዶችን ሰሜን ተራሮች አወጣ ነበር። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ኡበር ነው የምነዳው። ባለፈው ሰመር ከኤርፖርት ያመጣኋቸው ሰዎች ሮኪ ማውንቴን ፓርክ ውሰደን ብለውኝ በግል ተስማምተን ወሰድኳቸው። በጣም ወደዱት፤ ስልኬን ለሌሎችም ሰጡ። አሁን ቢዝነስ ላደርገው አስቤያለሁ። ጓደኛዬ ግን ‹ፈቃድ ማውጣት ጣጣ ነው፤ በር ላይ ዘመዶቼ ናቸው ብለህ ግባ› ይለኛል። ለመሆኑ ፈቃዱ ለእንደኔ ዓይነት ሰው ይሰጣል? ከየት ልጀምር?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጓደኛህ ክፋት አስቦ አይመስለኝም። ምክሩን ግን ተወው። በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ያለ ፈቃድ የንግድ ሥራ መሥራት በፌዴራል ደንብ የተከለከለ ነው። ቅጣቱ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ እስከ 6 ወር እስራት ሊደርስ ይችላል። ለሬንጀር (ለፓርኩ ጠባቂ) የሐሰት መረጃ መስጠት ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ጥፋት ነው። አንተ ግሪን ካርድ ያለህ ሰው ነህ። ነገ ለዜግነት ስታመለክት ፎርሙ ተይዘህ ወይም ተከሰህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ይጠይቅሃል። የፓርኩ ማመልከቻም ሕግ ጥሰህ የተቀጣህበት ጊዜ ካለ ተናገር ይላል። በር ላይ የምትናገራት አንዲት ውሸት ልትሠራው የምትችለውን ሥራ ገና ሳትጀምረው ትዘጋብሃለች። እስከዚያው ለሚደውሉልህ ሰዎች «ለሚቀጥለው ሰመር» በላቸው። ስልካቸውን ግን መዝግብ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ፈቃዱ ለእንዳንተ ዓይነት ሰው ይሰጣል። እንዲያውም የተዘጋጀው ለአነስተኛ ድርጅቶች ነው ማለት ይቻላል። ስሙ ኮሜርሻል ዩዝ ኦቶራይዜሽን ነው፤ ባጭሩ ሲዩኤ ይሉታል። በ1998 በወጣ የፌዴራል ሕግ የተቋቋመ ነው። ሆቴልና ሬስቶራንት ፓርክ ውስጥ የሚያሠራው ትልቁ የኮንሴሽን ውል ሌላ ነገር ነው፤ እሱን አትመልከተው። የአንተ ሲዩኤ ነው።

ሲዩኤ ሁለት ዓይነት እንደሆነ ግን ልብ በል። አንዱ አገልግሎቱ በሙሉ ፓርኩ ውስጥ ተጀምሮ ፓርኩ ውስጥ ለሚያልቅ ሥራ ነው፤ የዓመት ገቢው ከ25,000 ዶላር መብለጥ የለበትም። ሌላው ከፓርኩ ውጭ ተነስቶ ከፓርኩ ውጭ ለሚያልቅ ሥራ ነው፤ ይኼኛው ያ የገቢ ገደብ የለበትም። አንተ እንግዳህን ዴንቨር ተቀብለህ ዴንቨር ስለምትመልስ ሁለተኛው ውስጥ ነህ። በዚህኛው ፈቃድ ፓርኩ ውስጥ ቆመህ ደንበኛ መጥራትም ሆነ ሒሳብ መቀበል አትችልም። ዋጋ ተነጋግራችሁ፣ ተከፍሎህ ነው የምትገባው።

ፈቃዱ ቢበዛ ለሁለት ዓመት ነው የሚሰጠው። ለሌላ ሰው መሸጥ ወይም ማስተላለፍ አይቻልም። እያንዳንዱ ፓርክ የየራሱን ፈቃድ ስለሚሰጥ የሮኪ ማውንቴን ወረቀት የሎውስቶን ላይ አይሠራም። በየዓመቱ ስንት ሰው እንዳስገባህ፣ ምን ያህል ገቢ እንዳገኘህና የደረሰ አደጋ ካለ ሪፖርት ታደርጋለህ። ስለዚህ ከመጀመሪያዋ ጉዞ ጀምረህ ደብተር ያዝ።

ማመልከቻው ራሱ ከባድ አይደለም። ከኡበር መተግበሪያ ጋር ታግለህ አካውንት የከፈትክ ሰው ትሞላዋለህ። ሰዎች ተስፋ ቆርጠው የሚተዉት ሌላ ቦታ ላይ ነው። ኢንሹራንሱ ላይ።

አሁን ያለህ የመኪና ኢንሹራንስ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የግል ፖሊሲ በክፍያ ሰው ስትጭን የደረሰን ጉዳት በአብዛኛው አይሸፍንም። የኡበር ሽፋን ደግሞ የሚሠራው በመተግበሪያው ለተያዘ ጉዞ ብቻ ነው። ባለፈው ሰመር በግል ተስማምተህ ስትወስዳቸው፣ እግዜር ጠብቆህ ነው እንጂ፣ አደጋ ቢደርስ ኖሮ ሙሉ ዕዳው አንተ ላይ ነበር። ይህን የምለው ላስፈራህ አይደለም። ሁለተኛ እንዳትደግመው ነው።

የሚያስፈልጉህ ሁለት ሽፋኖች ናቸው። አንዱ የድርጅቱ ጠቅላላ የኃላፊነት ኢንሹራንስ ነው። ለሲዩኤ የተለመደው ዝቅተኛ መጠን ለአንድ አደጋ 500,000 ዶላር ነው፤ እንደ ሥራው አደገኛነት ይጨምራል። ወረቀቱ ላይ የአሜሪካ መንግሥት በተጨማሪ ባለመብትነት ስሙ መግባት አለበት። ለኢንሹራንስ ደላላው «አዲሽናል ኢንሹርድ» ብትለው ወዲያው ይገባዋል። ሁለተኛው የንግድ መኪና ኢንሹራንስ ነው፤ መጠኑ በመቀመጫ ብዛት ይወሰናል። ከኮሎራዶ ወጥተህ እንግዳ ዩታ ወይም ዋዮሚንግ ልውሰድ ካልክ የፌዴራል የትራንስፖርት ሕግ ይመጣብሃል፤ ሾፌሩን ጨምሮ እስከ 15 ሰው ለሚይዝ መኪና 1.5 ሚሊዮን ዶላር፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 5 ሚሊዮን ዶላር ሽፋን ይጠይቃል። እኔ የምመክርህ በሰባት መቀመጫ መኪና ጀምረህ ሁለት ሰመር ከኮሎራዶ ሳትወጣ እንድትሠራ ነው። ትልቅ ቫን አያጓጓህ። ሾፌሩን ጨምሮ 16 ሰውና ከዚያ በላይ የሚይዝ መኪና ሲዲኤል የሚባለውን የንግድ መንጃ ፈቃድም ይፈልጋል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አዙረው። ብዙ ሰው መጀመሪያ መኪና ይገዛል፣ ከዚያ ለፈቃድ ያመለክታል፣ መጨረሻ ላይ ኢንሹራንስ ሲጠይቅ ዋጋው ያስደነግጠዋል። አንተ ከኢንሹራንሱ ጀምር። ቢያንስ ሦስት ደላሎች ጋ ደውለህ ዋጋ ጠይቅ። የዓመቱን ወጪ ለምታስበው የጉዞ ብዛት አካፍለው። በአንድ እንግዳ ላይ የሚወድቀውን ስታይ ሥራው ያዋጣ አያዋጣ እዚያው ይገባሃል።

በክፍያ ሰው ለማጓጓዝ የኮሎራዶ ፒዩሲ (የስቴቱ የሕዝብ አገልግሎት ተቆጣጣሪ ኮሚሽን) ፈቃድም ያስፈልጋል። ኤርፖርት ሊሞ የሚነዱ ወንድሞቻችን በደንብ ያውቁታል፤ ጠይቃቸው። ድርጅት መክፈቱ ቀላል ነው፤ ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) በኮሎራዶ ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት ድረ ገጽ በ50 ዶላር ይመዘገባል። የግብር ቁጥሩን የፌዴራል ግብር መሥሪያ ቤቱ አይአርኤስ በነፃ ይሰጣል። ገንዘብ አምጣ የሚል ድረ ገጽ ካጋጠመህ ዝጋው። አውሮራ ውስጥ ኤስቢዲሲ የሚባል የአነስተኛ ንግዶች ማማከሪያ አለ። ምክሩ በነፃ ነው፤ የቢዝነስ ዕቅድህን ይዘህ ሂድ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ብሔራዊ ፓርክ ያልሆነ ቦታ ሁሉ ነፃ ነው ብለህ እንዳታስብ። ማውንት ኢቫንስ የነበረው፣ በ2023 ማውንት ብሉ ስካይ የተባለው ተራራ፣ ያለው በብሔራዊ ደን ውስጥ ነው። እዚያ እንግዳ በክፍያ ለማስጎብኘት ፈቃድ የሚሰጠው የደን አገልግሎቱ ነው። የስቴት ፓርኮችም የራሳቸው ደንብ አላቸው።

አሁን ደብዳቤህን ሳነብ በጣም ደስ ወዳለኝ ነገር ልምጣ። አንተ ከዜሮ አትጀምርም። ሮኪ ማውንቴን ፓርክን የሚያቋርጠው ትሬይል ሪጅ መንገድ ከፍተኛ ቦታው ላይ 12,183 ጫማ ነው፤ 3,700 ሜትር ገደማ። አንተ ሰሜን ተራሮች ላይ ጨነቅ ካምፕ ያደርክ ሰው ነህ፤ ከፍታው ያው ነው። የፓርኩ ከፍተኛ ተራራ ሎንግስ ፒክ 4,346 ሜትር ነው፤ ራስ ዳሸን ይበልጠዋል። ከፍታ ሰውን እንዴት እንደሚይዘው፣ ማን ዝም ብሎ እየታመመ እንደሆነ ፊቱን አይተህ ታውቃለህ። ያ ዕውቀት በኮርስ ብቻ አይገኝም። ማመልከቻህ ላይ የሥራ ልምድ ሲጠየቅ አትፈር፤ የሰሜን ተራሮችን ልምድህን በዝርዝር ጻፍ።

ልዩነቱንም ግን እወቅ። ደባርቅ ላይ እንግዳው ቢሮ ገብቶ ይከፍላል፣ ጠመንጃ የያዘ ስካውት ይመደብለታል፣ በቅሎ ነጂውም አብሳዩም አብሮ ይሄዳል። እዚህ ብቻህን ነህ። ሬንጀሩ አይከተልህም፤ ኃላፊነቱ ያንተ ነው። ለዚህ ነው ብዙ ፓርኮች የመጀመሪያ ዕርዳታና የሲፒአር (ልብና ትንፋሽ የማስመለስ) ሰርተፍኬት የሚጠይቁት። እዚያ ጭላዳ ሲግጥ መሃሉ ቁጭ ብለህ እንግዳህን ፎቶ ታስነሳ ነበር። እዚህ ኤልክ ከሚባለው አጋዘን 75 ጫማ፣ ሙስ ከሚባለው ትልቅ አጋዘንና ከድብ 120 ጫማ መራቅ ግዴታ ነው። ወደ ሰሜን የሚወጣ ሰው ጎንደር አድሮ፣ ደባርቅ አድሮ ቀስ እያለ ይለምዳል። እዚህ ከሂዩስተን ጠዋት የበረረ ሰው ከሰዓት 3,700 ሜትር ላይ ሊቆም ይችላል። ቀኑን በዚያ ልክ አቅደው። ሐምሌና ነሐሴ ከሰዓት በኋላ መብረቅ ስላለ ገላጣውን ከፍታ በጠዋት ጨርሰህ ውረድ።

ደንበኛ ከየት ይመጣል ካልክ፣ በሀበሻው ጀምር እላለሁ። በየሰመሩ ከአገር ቤት ልጆቻቸውን ሊጠይቁ የሚመጡ እናትና አባቶች አሉ። ልጆቹ ሥራ ላይ ናቸው፤ ወላጆቹ ቤት ተዘግተው ይውላሉ። በአማርኛ እያስረዳ፣ ቀስ ብሎ እያራመደ፣ ሻይ በቴርሞስ ይዞ የሚያስጎበኛቸው ሰው ቢኖር ልጆቹ በደስታ ይከፍላሉ። ደም ግፊትና የልብ ሕመም ያለባቸው ከሆኑ ግን አስቀድመው ሐኪማቸውን ያማክሩ። ይህን በጽሑፍ ጠይቅ። በይሉኝታ አትለፈው።

የመጨረሻ ሐሳቤ ላይወደድልህ ይችላል። አሁኑኑ የራስህን ከምትከፍት፣ መጪውን ሰመር ፈቃድ ላለው ድርጅት ተቀጥረህ አስጎብኝ። ፓርኮች ሲዩኤ ያላቸውን ድርጅቶች ዝርዝር በድረ ገጻቸው ያወጣሉ። ዝርዝሩን ይዘህ ደውል፤ ሾፌር ሆኖ የሚያስጎበኝ ሰው ይፈልጋሉ። ገቢው ከኡበር ላይሻል ይችላል። ግን የዋጋ አወጣጡን፣ የመግቢያ ሰዓት አያያዙን፣ ዝናብ ሲመጣ የሚደረገውን በሰው ገንዘብ ትማራለህ። ኢንሹራንስ ሰጪውም ልምድህን ይጠይቃል፤ እዚህ አገር የተሠራ አንድ ሰመር ብዙ ያግዝሃል።

ሰመሩ ሲያልቅ ለፓርኩ የኮሜርሻል ሰርቪስ ቢሮ ኢሜይል ጻፍ። ለመኪና ጉብኝትና ለእግር ጉዞ የሚሰጡት ፈቃድ አንድ ነው ወይስ ይለያያል? ማመልከቻ የሚቀበሉት ከመቼ እስከ መቼ ነው? የፈቃድ ብዛት ገደብ አለ? ክፍያው ስንት ነው? ፓርኩ በሰመር መግቢያ በሰዓት ስለሚያስይዝ የንግድ አስጎብኚ እንዴት ነው የሚገባው? ፓርኩ ውስጥ ባለው ቤር ሌክ ሐይቅ አካባቢ ለንግድ ጉዞ የተከለከለ ቦታ አለ? መልሱን በጽሑፍ ስለምታገኘው አስቀምጠው፤ የኢንሹራንስ ደላላውም የሚጠይቅህ ከዚያው ውስጥ ነው።