«ቅኔ ዘረፈ» ልበል ወይስ «ተረበ»?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከደሴ ነው። የምወደው ዘፋኝ አዲስ አልበም አወጣ። ፒያሳ ቡና እየጠጣን ከጓደኞቼ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማነው። ልጁ በቃል ይጫወታል፤ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ሁላችንም በሳቅ ፍርስ አልን። እኔ «ቅኔ ዘረፈ!» አልኩ። አንዱ ጓደኛዬ ግን «ቅኔ በግዕዝ ነው፤ ይሄ ተረብ ነው» ብሎ ሞገተኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አላጠፋህም። ጓደኛህ የያዘው የጥንቱን ትርጉም ነው። በጉባኤ ቤት ቅኔ የሚቆጠረው በግዕዝ ነው፤ ከ2 ቤቱ ጉባኤ ቃና እስከ 8 ቤቱ መወድስ ልክ ልኩን ይዞ። ለወሎ ሰው ይሄን መንገር አይጠበቅብኝም፤ በቅኔ ስመ ጥር የሆነው ዋድላ እዚያው ሰሜን ወሎ ነው።

ዛሬ ግን «በቅኔ ተናገረ» ሲባል ማንም ግዕዝ አይጠብቅም። ውስጠ ወይራ ንግግር ማለታችን ነው። «ዘረፈ»ም አያስነቅፍህም፤ ባለቅኔዎቹ ራሳቸው ቅኔ ይዘረፋል ነው የሚሉት።

ተረብ ሌላ ነው። ተረብ ሰው ይነካል፤ አንድ ትርጉም ይበቃዋል። ቃሉ ሁለት ትርጉም ሲይዝ ግን ያቺ ቃል የራሷ ስም አላት፦ ኅብረ ቃል። በጣም የምወደው ስም ነው፣ ብዙ ሰው ባይጠቀምበትም።

አልበሙን ስላልሰማሁት ምሳሌውን ከራሴ ልስጥህ፦

ደሴ ብከርምስ ማን ዘመድ አለኝ፣
ከእንግዲህስ በቃኝ መርሳ ተሻለኝ።

ሰሙ፣ ማለትም ላይ ላዩ ትርጉም፣ ግልጽ ነው። ደሴ ዘመድ የለኝም፣ ወደ ወልዲያ መንገድ ላይ ያለችው መርሳ ትሻለኛለች። አሁን ጮክ ብለህ በለው። «ተ»ን ስታላላት ከተማዋ ናት። ስታጠብቃት «መርሳት ተሻለኝ» ሆነ፤ ሁለቱ «ት» ተዋህደው አንድ ጠባቂ ድምፅ ይሆናሉ። ወርቁ፣ ማለትም የተደበቀው ትርጉም፣ እሱ ነው፦ የሚወዳትን ልጅ መርሳት። ኅብረ ቃሉም «መርሳ ተሻለኝ» የሚለው ነው።

«ሰምና ወርቅ» የሚለው ስም የመጣው ከአንጥረኛ ቤት ነው። ቅርጹ በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይለበጣል፤ ሰሙ በእሳት ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ በቦታው ይፈስሳል።

ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። ስለዚህ ግጥሙን ወረቀት ላይ ያሰፈረ ሰው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አለበት፤ «መርሳ» ብሎ ከጻፈ መጥበቁ አይታይም፣ «መርሳት» ብሎ ከጻፈ ከተማዋ ጠፋች። ዘፋኝ ግን አይገደድም። ባቲ ቅኝትም ይሁን አምባሰል፣ ድምፁን በመጥበቅና በመላላት መካከል አንጠልጥሎ ሁለቱንም ያሰማሃል። ለዚህ ነው ግጥሙን ሳታነብ መጀመሪያ መስማትህ ደስ ያለኝ።

ያንን ሦስተኛ ዘፈን እንደገና ክፈቱትና ያሳቃችሁን ቃል ለዩት። አንዴ አላልታችሁ፣ አንዴ አጥብቃችሁ በሉት። ሁለት ትርጉም ከወጣው ቡናውን የሚከፍለው ጓደኛህ ነው። ስንኙንም ላክልኝ።