ጨዋማ ውሃ አፍልቼ እንፋሎቱን መልሼ ውሃ በማድረግ ሳጣራ ቴርሞሜትሩ 94 ላይ ቆመ፣ የወጣው ውሃም ጨው ጨው ይላል ላልከው

ቴርሞሜትርህ ደህና ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ነው፤ ንጹሕ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። 100 የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ሪፖርትህ ላይ ያነበብከውን ጻፍ።

ጨው ግን በዚህ ሙቀት አይተንም። ፍላስኩን እስከ አንገቱ ስለሞላኸው ሲንፈቀፈቅ ጠብታው ተፈናጥሮ ኮንደንሰሩ (እንፋሎቱን አቀዝቅዞ ውሃ የሚያደርገው ቱቦ) ውስጥ ገብቷል። እንደገና ስትሠራ፦

1. 250 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ፍላስክ ከ100 ሚሊ ሊትር አታስበልጥ።
2. ውሃው ሳይገነፍል በእርጋታ እንዲፈላ እሳቱን ሳትለኩስ ሁለት ሦስት የሸክላ ገል ጨምር። የጀበና ስባሪም ይሆናል፤ ቡናው በደንብ ካልታጠበ ግን ውሃውን ያጠቁረዋል።
3. የቴርሞሜትሩ ጫፍ እንፋሎቱ ከፍላስኩ ከሚወጣበት የጎን ቱቦ አፍ ትይዩ ይሁን እንጂ ፈሳሹ ውስጥ አይነከር። ጨዋማው ውሃ ከንጹሑ ከፍ ባለ ሙቀት ስለሚፈላ ንባብህን ያዛባል።

ገሉን ከረሳኸው እሳቱን አጥፍተህ እስኪቀዘቅዝ ጠብቅ። የጋለ ውሃ ላይ ጣል ካደረግከው ባንዴ ገንፍሎ ፊትህ ላይ ይረጫል።

ደግሞ ቤተ ሙከራ ውስጥ ምንም ነገር አይቀመስም። አንድ ጠብታ መስታወት ላይ አድርቅ፤ ጨው ካለበት ነጭ ቅሪት ይተዋል።