ጋሼ ቢሮ ውስጥ ያጨሳሉ፤ ምን ልበላቸው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ የጅምላ መደብር ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቢሯችን አንዲት ክፍል ናት፤ አራት ሰው እንውልባታለን። ባለቤቱ ጋሼ ቀኑን ሙሉ ያጨሳሉ። መተርኮሻቸው የድልህ ጣሳ ነው፣ ያውም እኔ ጠረጴዛ ጥግ ላይ። መስኮት ልክፈት ስል «የጦሳ ተራራ ብርድ ይገባል» ተብሎ ይዘጋል። አሁን ደግሞ ልጃቸው ማንጎ ማንጎ የሚሸት ቬፕ (ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ይዞ መጣ። «ይሄ እኮ ጭስ አይደለም፣ እንፋሎት ነው» ይለኛል። አጠገቤ የምትሠራው ልጅ ነፍሰ ጡር ናት። ጋሼ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ቢሮው የራሳቸው ነው። ሕጉ ምን ይላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ቢሮው የራሳቸው መሆኑ ምንም አይለውጥም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዝግ በሆነ የሥራ ቦታ ውስጥ ማጨስን ጭራሽ ከልክሏል። የኮምቦልቻ ፋብሪካም ሆነ የእናንተ አንዲት ክፍል፣ ያው ነው። ለአጫሾች ተብሎ የሚለይ ክፍልም የለም። በር ላይ ወጥቶ ማጨስም አያዋጣም፣ ምክንያቱም ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 10 ሜትር መራቅ ያስፈልጋል፤ ፒያሳ ላይ ደግሞ 10 ሜትር ሲራመዱ የጎረቤት ሱቅ በር ላይ ነው የሚደርሱት፣ እሱም አይሆንም። ቦታ መፈለጉ የአጫሹ ሥራ ነው።

በመስኮቱ ጉዳይ አትከራከሩ። ቢከፈትም ጭሱን ጠርጎ አያወጣውም። ሲጋራ ጭስ ውስጥ ከ7,000 በላይ ኬሚካል አለ፣ 70 የሚሆነው ካንሰር አምጪ ነው። ጭስ ውስጥ የምትውል ነፍሰ ጡር ደግሞ ክብደቱ ያነሰ ልጅ የመውለድ ዕድሏ ይጨምራል።

የልጁን «እንፋሎት» በተመለከተ፣ የሻይ ጀበና መሰለው እንዴ? አብዛኛው ቬፕ ኒኮቲን አለው፤ የሚተነውም ውሃ ሳይሆን ኬሚካል የተቀላቀለበት ፈሳሽ ነው። ደግሞም ይኸው አዋጅ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ማስገባትንም መሸጥንም ከልክሏል። «የተፈቀደ ነው» ካለሽ ከየት እንደገዛው ጠይቂው።

ጋሼን ፊት ለፊት «አያጭሱ» ማለት እንደሚከብድሽ ይገባኛል። እንግዲያው ቡና ላይ ሰብሰብ ስትሉ፣ ልጁ በሌለበት፣ ረጋ ብለሽ «ጋሼ፣ የዚችን ልጅ ሆድ አይተው ሲጋራዋን ራቅ ብለው ቢያጨሷት» በያቸው። ካንገራገሩ፣ ተቆጣጣሪ ቢመጣ የሚጠየቁት እሳቸው እንደሆኑ ንገሪያቸው፤ «ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ መለጠፍም የቦታው ኃላፊ ግዴታ ነው፣ ማለትም የእሳቸው። ጽሑፉን አንቺ አትመሽ ብትሰጫቸው ደግሞ ነገሩ ይቀላል። ይህ ሁሉ ሆኖ ካልሰሙ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ መስመር 8482 አለ፣ ወይም የከተማው ጤና መምሪያ። ጣሳዋን ግን እስከዚያ አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ከጠረጴዛሽ ላይ አንሺያት።