አባት ያላወቁት ማመልከቻ

በቨርጂኒያ ግዛት አሌክሳንድሪያ ከተማ የሚኖሩ እናት የላኩልን ደብዳቤ ባጭሩ እንዲህ ይላል። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የ16 ዓመት ልጃቸው ሚሺጋን ውስጥ በሚገኘው የኢንተርሎከን የኪነ ጥበብ የበጋ ካምፕ ሙዚቃዊ ቴአትር መማር ትፈልጋለች። አባቷ ሐሳቡን ገና ሲሰሙ «አገሬን ጥዬ የመጣሁት ልጄን አዝማሪ ላደርግ ነው?» ብለው ወሬውን ዘግተውታል፤ በጋውንም ኤስኤቲ ለሚባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና እንድትዘጋጅበት ወስነዋል። እናት የልጃቸውን እንባ መቋቋም ስላቃታቸው አባት ሥራ በገቡበት ሰዓት የኦዲሽኑን፣ ማለትም ለምርጫ የሚላከውን የችሎታ ማሳያ ቪዲዮ ሳሎን ውስጥ በስልካቸው ቀርጸውላታል፤ የማመልከቻውን ክፍያም ከራሳቸው ካርድ ከፍለዋል። ውጤቱ በቅርቡ ይደርሳል። ጥያቄያቸው «ካለፈች እንዴት ልንገረው? ካላለፈችስ ነገሩ ሳይነሣ ቢቀር አይሻልም?» የሚል ነው።

ውድ እኅታችን፣ ውጤቱን ሳይጠብቁ በዚህ ሳምንት ራስዎ ይንገሯቸው። ካለፈች በኋላ ከነገሯቸው ለባለቤትዎ የሚደርሳቸው ያለ እሳቸው የተወሰነ ጉዳይ ነው፤ ቦታውን ለመያዝ ቀነ ገደብ ስለሚኖርም ለማሰብ እንኳ ጊዜ ሳያገኙ እሺ ወይም እምቢ ለማለት ይገደዳሉ። ካላለፈች ደግሞ ልጅዎ ኀዘኗን ከአባቷ ደብቃ ማልቀስ ይኖርባታል። ዛሬ ቢነግሯቸው ግን ገና ምንም ያልተቆረጠ ነገር ስለሆነ እንደ ባልና ሚስት ልትመካከሩበት ትችላላችሁ። ይህን የምመክረው ባለቤትዎ ቁጡ ቢሆኑም በእርስዎም ሆነ በልጆችዎ ላይ እጃቸውን አንሥተው እንደማያውቁ ስለጻፉልኝ ነው፤ የሚያሰጋ ነገር ቢኖር ኖሮ ከሁሉ በፊት የእናንተን ደኅንነት እናስቀድም ነበር።

ልጅዎን ለመርዳት የተነሡት ከፍቅር እንደሆነ አልጠራጠርም። የሚያሳስበኝ ይህ እርዳታ ለልጅቷ የሰጣት ቦታ ነው። በእናንተው አካባቢ፣ በዋሽንግተኑ ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት የሠሩት የሥነ አእምሮ ሐኪም መሬይ ቦወን፣ ሁለት ሰዎች በመካከላቸው ያለውን ውጥረት መሸከም ሲያቅታቸው ሦስተኛ ሰው እንደሚያስገቡ፣ ብዙ ጊዜም ያ ሦስተኛ ሰው ልጅ እንደሚሆን አስተምረዋል። በቤታችሁ የሆነው ይህ ይመስለኛል። እርስዎና ባለቤትዎ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ምናልባትም ስለ ስደት ኑሯችሁ ሳትነጋገሩ ያቆያችሁት ብዙ ነገር አለ፤ አሁን ያ ሁሉ በአንዲት ልጅ ማመልከቻ ላይ ወድቋል። ልጅቷም ከእናቷ ጋር ወግና አባቷን የምታታልል ሰው ሆናለች። በደብዳቤዎ ውስጥ «አባቷ ሲገባ መዝፈን ታቆማለች፣ ዓይኑንም አታይም» ያሉት ነገር ከሁሉ በላይ ነክቶኛል፤ የምትወደውን ሥራ ከበደል ስሜት ጋር አያይዛ መያዝ ጀምራለች ማለት ነውና።

ስለዚህ አስቀድመው ለብቻዋ ያነጋግሯት። «ለአባትሽ እኔ እነግረዋለሁ፤ መደበቁ የእኔ ውሳኔ ነበር፣ አንቺ የምትጠየቂበት አይደለም» ይበሏት። ልትቆጣ፣ «ቃል ገብተሽልኝ አልነበረም ወይ» ልትል ትችላለች፤ ቁጣዋን ይቀበሉ፣ ውሳኔዎን ግን አይለውጡ። ከአባቷ ጋር በምትነጋገሩበት ሰዓትም በክፍሉ ውስጥ ባትኖር ይሻላል፤ እሷ ባለችበት የሚደረግ ንግግር የባልና ሚስት መሆኑ ቀርቶ ችሎት ይሆናል።

አሁን ስለ ባለቤትዎ ልናገር፤ ደብዳቤዎ ስለ እሳቸው ያለፈው በጥቂት መስመር ነውና እኔ በዚህ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ። «በልጅነቱ የቀበሌ ኪነት ውስጥ ነበረ፤ ስለዚያ ዘመን ግን አያወራም» ብለው ጽፈዋል። በደርግ ዘመን በየቀበሌው የኪነት ቡድኖች እንደነበሩ የእኛ ትውልድ ያስታውሳል። በእነዚያ ቡድኖች ውስጥ ያደጉ ብዙ ሰዎች መድረክን፣ ጓደኝነትንና የመጀመሪያ ጭብጨባን ያገኙት እዚያ ነው። ሌሎች ደግሞ የሚዘፍኑት የታዘዙትን እንደነበረ፣ የዘመቻ ዜማ ያዜሙላቸው ጓደኞቻቸው ከግንባር እንዳልተመለሱ ያስታውሳሉ። አንድ ሰው ሁለቱንም በአንድ ልብ ይዞ ሊኖር ይችላል። «አዝማሪ» ብለው የወረወሩት ቃል ንቀት መስሎ ቢሰማም፣ ከበስተጀርባው ልጃቸው ባጎደፋቸው ወይም በጎዳቸው ነገር ውስጥ እንዳትገባ የመከላከል ፍላጎት ሊኖር ይችላል። በዚያ ላይ ሁለት ሥራ እየሠሩ ቤተሰብ የሚያኖሩ አባት ናቸው፤ የኪነ ጥበብ ሰው በእርጅናው ሲቸገር በአገር ቤት አይተው አድገዋል። ይህ ፍርሃት ሊከበር የሚገባው ፍርሃት ነው። ባለቤትዎን ለማሳመን ከመነሣትዎ በፊት «በኪነት ቡድኑ ውስጥ ምን ትሠራ ነበር? ለምንስ ተውከው?» ብለው ይጠይቋቸው፤ መልሱንም ለክርክር ሳይጠቀሙበት ያዳምጡ።

ንግግሩን ሲጀምሩ ሁለታችሁም ያረፋችሁበትን ሰዓት ይምረጡ። አነጋገርዎ ቀጥተኛ ይሁን፦ «አንተ እምቢ ካልክ በኋላ ልጃችን እንድታመለክት ረድቻታለሁ። ሳልነግርህ ማድረጌ ልክ አልነበረም፤ በዚህ አዝናለሁ። ስለ ካምፑ ያለኝ ሐሳብ ግን አልተለወጠም፣ አብረን እንድናስብበት እፈልጋለሁ።» ይቅርታ የሚጠይቁት ስለ መደበቁ ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ልጅዎ በመዝፈኗ ይቅርታ አይጠይቁ። ሲቆጡም «አንተ ስለማትሰማ ነው የደበቅነው» የሚለውን መልስ፣ እውነት እንኳ ቢኖረው፣ ለሌላ ቀን ያቆዩት።

ቁጣቸው ሲበርድ የሚጠይቋቸው ነገሮች ተግባራዊ ይሆናሉ፤ ተዘጋጅተው ይቅረቡ። ኢንተርሎከን በ1928 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ነባር ተቋም መሆኑን፣ ታዳጊዎቹ ሴትና ወንድ ተለይተው ኃላፊዎች አብረዋቸው በሚያድሩበት ማደሪያ እንደሚኖሩ፣ ክፍያው ከባድ ቢሆንም በቤተሰብ ገቢ ልክ የሚታሰብ የገንዘብ ድጋፍ መጠየቅ እንደሚቻል ይንገሯቸው። የኤስኤቲው ዝግጅት ጉዳይም ተገቢ ጥያቄ ስለሆነ፣ ከካምፑ በፊትና በኋላ መቼ እንደምታጠና ልጅቷ ራሷ በጽሑፍ ታቅርብላቸው። ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ግን ባለቤትዎ ቪዲዮውን እንዲያዩ መጋበዝ ነው። ልጃቸውን ከለከሏት እንጂ ስትሠራ አላዩአትም።

አሁንም እምቢ ቢሉስ? በዚህ ዓመት ያለ እሳቸው ፈቃድ እንዳይልኳት እመክራለሁ። ይህን ማለት ለልጅዎ መራራ እንደሆነ ይገባኛል፤ ሆኖም የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ስለሆነች የሚቀጥለው በጋ ይቀራታል፣ በአባትና በልጅ መካከል የሚሰበረው እምነት ግን በአንድ ዓመት አይጠገንም። ቨርጂኒያ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምታካሂደው «ገቨርነርስ ስኩል» (የአገረ ገዢው ትምህርት ቤት) የሚባል የበጋ ትምህርት ቤትም አለ፤ የኪነ ጥበብ ዘርፍ ያለው፣ ተማሪዎች በትምህርት ቤታቸው በኩል የሚያመለክቱበት፣ ለቤታችሁም የሚቀርብ ነው። ከትምህርት ቤቷ ካውንስለር ጋር ስለዚህ ስትነጋገሩ ባለቤትዎም አብረው ቢገኙ ጉዳዩ ከመጀመሪያው የሁለታችሁ ይሆናል።

ባትመረጥ ደግሞ ለማጽናናት አይቸኩሉ፣ «ለበጎ ነው» የሚለውንም ያቆዩላት። እንዲህ ባለው ምርጫ ዳኞቹ የሚያዩት ጥቂት ዘፈንና አጭር ትወና ነው፤ ከዚያም በድምፅ ዓይነትና በሚያስፈልጋቸው ቁጥር ልክ ይመርጣሉ። ይህን ልታስረዷት ትችላላችሁ፤ ጥቂት ቀን ካዘነች በኋላ ግን ይሁን። የካናዳው ሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮበርት ቫለራንድ ሰው የሚወደውን ሥራ ከሕይወቱ ጋር አስማምቶ በሚይዝበት ፍቅርና ሥራው እሱን በሚገዛበት ፍቅር መካከል ልዩነት እንዳለ ጽፈዋል። ልጅዎን የሚከታተሉት በዚህ መንገድ ነው። ከሳምንታት በኋላ ተመልሳ መዝፈን ከጀመረች፣ ከጓደኞቿና ከትምህርቷ ጋር ከሆነች፣ ኀዘኗ ጤነኛ ነው። እንቅልፍና ምግብ ከራቃት፣ «ያለዚህ እኔ ምንም አይደለሁም» ማለት ከደጋገመች፣ ወይም መኖር እንደማትፈልግ የሚያመለክት ነገር ከተናገረች ሳትዘገዩ ወደ ባለሙያ ውሰዷት፤ ያንንም አባቷ እንዲያውቁ አድርጉ።