የአይቢኤም 5155 የምስል ካርድ ቅጂ መሥራት፦ ጥያቄና መልስ ለአዳማ ሠሪዎች

አይቢኤም 5155 እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣ፣ እንደ ሻንጣ ተንጠልጥሎ የሚሄድ፣ 9 ኢንች አምበር ስክሪን ያለው ኮምፒውተር ነው። ቅጂውን የምንሠራለት ውስጡ ያለው ሲጂኤ የሚባለው የአይቢኤም የቀለም ምስል ካርድ ሲሆን፣ ልቡ 6845 የሚባለው የምስል መቆጣጠሪያ ቺፕ ነው። ጥያቄዎቻችሁን እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ለኮምፓክ ፖርተብልም ይሆናል?

ለውስጥ ስክሪኑ አይሆንም። የኮምፓክ ስክሪን በጽሑፍ 18.4፣ በግራፊክስ 15.7 ኪሎኸርዝ ላይ ይሠራል፤ ይህን የሚቀያይረው የራሱ ካርድ ነው። ሌላው ተንጠልጣይ ኮምፒውተር ኦስቦርን 1ማ የምስሉ ሰርኪዩት ዋናው ቦርድ ላይ ስላለ ካርድ የሚሰካበት ቦታም የለው።

ጥያቄ፦ ምን ምን ልግዛ?

ዋና ዋናዎቹ፦ ኤምሲ68ቢ45፣ 62256 ስታቲክ ራም ባለ 70 ናኖሰከንድ፣ 27ሲ64 ኢፕሮም ለፊደሉ ቅርጽ፣ 74ኤልኤስ245 ለዳታ ባሱ፣ 74ኤልኤስ166፣ አራት 74ኤልኤስ157፣ አራት 74ኤልኤስ374፣ ሁለት 74ኤልኤስ174 እና ሁለት ጋል22ቪ10 (ሎጂኩን ራስህ የምትጽፍበት ቺፕ)። ክሪስታል አትግዛ፤ 14.31818 ሜጋኸርዙ ካርዱ ከሚሰካበት ስሎት ቢ30 እግር ላይ ይመጣል። በየቺፑ አጠገብ 100 ናኖፋራድ ሴራሚክ፣ የ5 ቮልቱ መግቢያ ላይ ሁለት ባለ 22 ማይክሮፋራድ አድርግ። የድሮው የፊደል ሮም ባለ 24 እግር ስለሆነ ቦርዱን ስትስል ባለ 28 እግር ሶኬት አስገባለት። 6845ን ሁለት ግዛ፤ ጀርባው ተፍቆ እንደ አዲስ የተጻፈበት ይመጣል። ሁሉንም በሶኬት ግጠም፤ ያለዚያ ከካውያ ጋር ስትጣላ ታመሻለህ።

ጥያቄ፦ ካርዱን ስሰካው አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር ድምፅ ያሰማል። ስክሪኑ ጨለማ ነው። ቺፑን አቃጥዬው ይሆን?

እህቴ፣ ቺፑን ለመውቀስ አትቸኩዪ። ባዮሱ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) ካርዱን ፈትኖ አልተዋጠለትም ማለት ነው። መጀመሪያ ማዘርቦርዱ ላይ ስዊች 5 ኦን፣ 6 ኦፍ መሆኑን እዪ። ባዮሱ አድራሻ ቢ8000 ላይ ያለውን የካርዱን 16 ኪሎባይት ሜሞሪ ጽፎ ያነባል፤ ከዚያም የካርዱን ሁኔታ በሚናገረው ፖርት 3ዲኤ ላይ ቢት 0 እና ቢት 3 ሲቀያየሩ ማየት ይፈልጋል። ብዙ ሰው ሐሳቡ ምስሉ ላይ ስለሚሆን 3ዲኤን ሳይዘረጋ ይቀራል።

ይህ ደህና ከሆነ ኦሲሎስኮፕ አምጪና የ6845ን እግሮች ለኪ። በ80 ዓምድ ጽሑፍ እግር 21 ላይ 1.79 ሜጋኸርዝ፣ እግር 39 ላይ 15.7 ኪሎኸርዝ፣ እግር 40 ላይ 59.9 ኸርዝ መኖር አለበት። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ በ6845 ሬጂስተር (የውስጥ ቁጥር መያዣ) 0 ውስጥ 113 ስላለ መስመሩ 114 ፊደል፣ ማለትም 912 ነጥብ ይሆናል። ሬጂስተር 4 ውስጥ 31፣ ሬጂስተር 5 ውስጥ 6 ስላለ ደግሞ 32 ጊዜ 8 ሲደመር 6፣ 262 መስመር ይመጣል። እግር 39 ላይ 15.7 ሳታዪ የውስጡን ስክሪን እንዳታገናኚ።

21 ላይ ክሎክ እያለ 39 ዝም ካለ ሬጂስተሮቹ አልተጻፉም ማለት ነው፤ ጥፋቱም አብዛኛውን ጊዜ እግር 23 ላይ ነው። 6845 ለሞቶሮላ 6800 ባስ የተሠራ ስለሆነ የማንበቢያና የመጻፊያ ምልክቶቹ ለየብቻ ሲመጡለት አይገባውም። እግር 22፣ 24 እና 25 ከተረጋጉ በኋላ ነው 23 መነሳት ያለበት። ሁሉም አንድ ላይ ከተነሱ ወደ ሬጂስተሩ የሚጻፈው ቁጥር አንዳንዴ ይገባል፣ አንዳንዴ አይገባም። በጋሉ አንድ ክሎክ አዘግዪው። ለማረጋገጥ ኤምዲኤ (ባለአንድ ቀለም የጽሑፍ) ካርድና ስክሪን ያለው አይቢኤም ኤክስቲ ላይ ሰክተሽ በዲበግ (የዶስ መፈተሻ ፕሮግራም) ሬጂስተር 15 (በሄክስ 0ኤፍ) ውስጥ 55 ጻፊና መልሰሽ አንብቢው።

ጥያቄ፦ ምስሉ ጥሩ ነው፤ ግን ፍሎፒ ላይ ስጽፍ አንዳንዴ ይፈርሳል። ከፍሎፒ የማነበውም ፋይል ይበላሻል።

የስሎቱን እግር ኤ11ን ረስተሃል። ኤኢኤን የሚባለው ምልክት ነው። ዲኤምኤ (ዳታን ያለ ፕሮሰሰሩ ወደ ሜሞሪ የሚያመላልሰው) ሲሠራ የሜሞሪ አድራሻና የአይኦ ምልክት አብረው ባሱ ላይ ስለሚወጡ ካርድህ የተጠራ ይመስለዋል። የፖርት መለያው ጋል ውስጥ ኤ11 ዝቅ ያለ እንዲሆን አስገድድ።

ጥያቄ፦ የፊደሉ ድምቀት አንድ ፊደል ቀድሞ ይመጣል።

የፊደሉ ኮድ ሮም ገብቶ ቅርጽ ሆኖ እስኪወጣ አንድ የፊደል ጊዜ ያልፋል፤ የቀለሙ (የድምቀቱ) ባይት ግን ሮም ስለማያልፍ ቀድሞ ይደርሳል። በአንድ ተጨማሪ 374 አዘግየው። ከርሰሩን (እግር 19) እና የማሳያ ፈቃዱን (እግር 18) አብረህ አዘግያቸው። 18ን ብቻ ከተውከው በግራ ጠርዝ ቆሻሻ ዓምድ ይታያል፣ በቀኝ የመጨረሻው ዓምድ ይቆረጣል።

ጥያቄ፦ በረዶ የሚመስለው ብልጭታስ?

በኦሪጅናሉ በ80 ዓምድ ላይ ፕሮሰሰሩ ሜሞሪውን ሲነካ ስክሪኑ የተሳሳተ ባይት ስለሚያነብ የሚመጣ ነው። የእኛ ራም ፈጣን ነው፤ 559 ናኖሰከንዱን ሦስት ቦታ ክፈሉት፦ ፊደል፣ ቀለም፣ ፕሮሰሰር። ተራው እስኪደርስ ፕሮሰሰሩን በስሎቱ እግር ኤ10 (ፕሮሰሰሩን ጠብቅ በሚለው ምልክት) አቆዩት፤ ነገር ግን ኤ10ን ወደ ታች ብቻ ሳቡት። ወደ ላይም ከገፋችሁት ከሌሎች ካርዶች ጋር ይጋጫል።

ጥያቄ፦ አዲሱ ካርድ ላይ ምስሉ እንደ ውኃ ይወዛወዛል። ማሽኑ ከአሜሪካ የመጣ 110 ቮልት ነው።

ካርዱን ተወው፤ ከ220 ወደ 110 የሚያወርደውን ትራንስፎርመር የት ነው ያስቀመጥከው? የእኛ መብራት 50 ኸርዝ፣ የስክሪኑ እድሳት 60 ኸርዝ ገደማ ስለሆነ የትራንስፎርመሩ መግነጢስ በልዩነቱ፣ በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል ምስሉን ያወዛውዘዋል። ከስክሪኑ አንድ ሜትር አርቀው፤ ካልበቃ ወደ ሌላ አቅጣጫ አዙረው።